ሳንግክላ ቡሪ፦ አሮጌ ከተማው ከውኃ በታች የቀረ የታይላንድ ወረዳ

ወንዝ_ወራጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ባንኮክ ስጽፍ «ገጠሩስ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ስለ አገሩ ገጠር በጅምላ ከማወራ፣ ሦስት ጊዜ የሄድኩበትን አንድ ወረዳ ላውጋችሁ። ስሙ ሳንግክላ ቡሪ ነው፤ ወረዳ የምለው በታይኛ አምፎ የሚባለውን ነው። በካንቻናቡሪ ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ጥግ፣ ከምያንማር (ከድሮዋ በርማ) ድንበር ሥር ይገኛል። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከካንቻናቡሪ ከተማ በ323 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ቶንግ ፓ ፉም የሚባለው ወረዳ እስኪደረስ መንገዱ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዳገትና ኩርባ ነው፤ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ቢቀመጥ ይሻለዋል። በቀርከሃው መካከል ሰፊ ውኃ ብቅ ጥልቅ ይላል። የመጀመሪያ ቀን «ሐይቁ እንዴት ያምራል!» ብዬ በተሰባበረ ታይኛ ተናገርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር አሉና «ሐይቅ አይደለም ልጄ፣ ከተማችን ነው» አሉኝ። ይህን ክር የከፈትኩት ያ መልስ ከጆሮዬ ስላልጠፋ ነው።

ሶንግካሊያ፣ ቢክሊና ራንቲ የሚባሉ ሦስት ወንዞች ከተራራው ወርደው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ቦታው ሳም ፕራሶፕ ይባላል፤ «የሦስቱ መገናኛ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ በታች ወንዙ ኩዌ ኖይ ነው፤ ካንቻናቡሪ ከተማ ላይ ከኩዌ ያይ ጋር ሲገጥም ሜ ክሎንግ ተብሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። የድሮዋ ሳንግክላ የነበረችው መገናኛው ላይ ነው። በ1984 ታች ቶንግ ፓ ፉም ላይ የተሠራው የካኦ ሌም ግድብ ውኃ መያዝ ጀመረ። ግድቡ 92 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከ2001 ወዲህ ስሙ ቫጂራሎንግኮርን ሆኗል። ውኃው ወደ ኋላ እየተኛ መጥቶ ቤቱንም፣ እርሻውንም፣ ገበያውንም ዋጠው።

በዚያች ከተማ ሦስት ሕዝብ ይኖር ነበር፤ ሦስቱም የየራሳቸው ቤተ መቅደስ ነበራቸው። የሞኖቹ ዋት ዋንግ ዊዌካራም፣ የካረኖቹ ዋት ሲ ሱዋንናራም፣ የታዮቹ ደግሞ ዋት ሶምዴት። ሶምዴት ኮረብታ ላይ ስለነበር ተረፈ፤ ሁለቱ ውኃ ገባባቸው። የሞኖቹን በሚያዝያ ሄጄ አየሁት። ውኃው ሲጎድል መሬቱ ይገለጣል፤ በጀልባ ደርሳችሁ ወርዳችሁ በእግር ትገባላችሁ። ጣራ የለውም። የጡቡ ግድግዳ ቆሟል፤ ከሰው ቁመት በላይ አግድም የተሰመረ የጭቃ መስመር አለበት፤ ከመስመሩ በታች ግራጫ፣ ከላይ ቀይ። በአንዱ መስኮት ሥር ትናንት የተለኮሰ የዕጣን እንጨት ቁራጭ አሸዋ ላይ ተሰክቶ አገኘሁ። በክረምት ሄጄ ደግሞ ጀልባችን በዚያው ላይ አለፈች።

ጥያቄ ካላችሁ የማውቀውን እመልሳለሁ።

የካርታ_ፍቅር

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ካርታውን ከፍቼ ነው ያነበብኩህ። ያልጠቀስከውን ልጨምር። ወረዳው 3,349 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ሆኖም ያሉት ታምቦኖች (ከወረዳ በታች ያሉ፣ እንደ ቀበሌ ያሉ ክፍሎች) ሦስት ብቻ ናቸው፦ ኖንግ ሉ፣ ፕራንግፕሌ እና ላይ ዎ። ለምን እንዲህ አነሱ ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው መሬት ደን ስለሆነ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ቱንግ ያይ ናሬሱዋን የዱር እንስሳት መጠለያ ሲሆን ከጎረቤቱ ከሁዋይ ካ ካኤንግ ጋር በ1991 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሁለቱ ተደምረው 622,200 ሄክታር ናቸው። ነብር፣ ዝሆን፣ የዱር ጎሽ አለበት።

መጠለያው የተቋቋመበት ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። በ1973 ሚያዝያ ውስጥ አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ናኮን ፓቶም ላይ ወደቀ፤ ሲታይ ከቱንግ ያይ የታደነ የእንስሳ ሥጋ ተገኘበት። መኮንኖችና ባለ ሥልጣናት ለአደን ገብተው ኖሯል። ተማሪዎች ጉዳዩን አንስተው አልለቀቁትም፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት የወታደሩን መንግሥት ለጣለው ሕዝባዊ ንቅናቄ ከማገዶዎቹ አንዱ ሆነ። ቱንግ ያይ በ1974 ተከለለ። አንድ ጫካ በአገር ፖለቲካ ውስጥ እንዲህ ሲገባ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ላይ ዎ የሚለውን ስም በተመለከተ፣ በካረን ቋንቋ «ቀይ የዓለት ገደል» ማለት ነው። የላይ ዎ ካረኖች እስከ ዛሬ እዚያው መጠለያው ውስጥ ይኖራሉ፤ ሩዙን መሬት እያፈራረቁ ይዘራሉ። ደኑ ሳይከለል በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸውና «ደን ገብተው ሰፈሩ» የሚላቸው ሰው ነገሩን ገልብጦታል።

አስተዳደር_ተማሪ

ጽሑፉ ደስ ይላል። የእኔ ጥያቄ ደረቅ ነው፤ ግን ለጥናቴ ይጠቅመኛል። አምፎ ስትሉ ከእኛ ወረዳ ጋር አንድ ነው? ምክር ቤት አለው? አስተዳዳሪው ይመረጣል ወይስ ይሾማል?

ወንዝ_ወራጅ

ደረቅ አይደለም፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ወረዳ ብዬ የተረጎምኩት የተሻለ ቃል ስላጣሁ ነው፤ አሠራሩ ይለያል።

ታይላንድ 76 ክፍለ ሀገር አላት፤ ባንኮክ ለብቻዋ ናት። ከክፍለ ሀገሩ በታች 878 አምፎዎች አሉ። አምፎ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ በሕግ ፊትም የራሱ ሰውነት የሌለው የማዕከላዊው መንግሥት ክንድ ነው። አለቃው ናይ አምፎ ይባላል፤ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነው የሚሾመው፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ ሌላ ይዛወራል። የክፍለ ሀገሩ ገዥም እንዲሁ ተሿሚ ነው።

ከታች ግን ሁለት መሰላል ጎን ለጎን ቆሟል። አንደኛው የጥንቱ ነው፦ መንደሩ ፉያይባን የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ የታምቦኑ አለቃ ካምናን ደግሞ ከመንደር አለቆቹ መካከል ይወጣል። አንዴ ከተመረጡ 60 ዓመት እስኪሞላቸው ይቆያሉ፤ በየጊዜው ይገመገማሉ። ካኪ ለብሰው በናይ አምፎ ስብሰባ ላይ የምታዩዋቸው እነሱ ናቸው። ሴቶች ለዚህ ሹመት መወዳደር የተፈቀደላቸው በ1982 ነው። ሁለተኛው መሰላል በ1994 በወጣው ሕግ የመጣው የታምቦን አስተዳደር ድርጅት ነው፤ በታይኛ በአጭሩ «ኦቦቶ» ይሉታል። በጀት ይይዛል፣ መንገድ ያስጠግናል፣ የሕፃናት ማዋያ ይከፍታል፣ ቆሻሻ ያነሳል። ሊቀ መንበሩንም ከ2003 ወዲህ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። ከ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ምርጫው ቆሞ ቆይቶ እንደገና የተካሄደው በኅዳር 2021 ነው። በሳንግክላ ቡሪ ከተማው አካባቢ የዋንግ ካ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የቀረው ገጠር በኦቦቶ ይተዳደራል።

አስተዳደር_ተማሪ

እንግዲህ አንድ መንደር ውስጥ ሁለት የተመረጡ ሰዎች አሉ፤ አንዱ እስከ ጡረታ፣ ሌላው በአራት ዓመት። ይህ ድርብ ወጪ አይደለም? መንገዱ ሲበላሽ ሰውየው ለማን ነው የሚጮኸው?

ወንዝ_ወራጅ

ለሁለቱም ይጮኻል፤ ልምዱ ያ ነው። ለጠጠርና ለውኃ ቧንቧ ወደ ኦቦቶ፣ ለጠብ፣ ለድንበር ክርክር፣ ለልደት ምስክርነት ወደ ፉያይባን። ድርብ ነው ስትል አልቃወምህም፤ ታይላንዶችም ራሳቸው ሲከራከሩበት ዓመታት ሆኗቸዋል። ግን ፉያይባኑን አቃለህ አትየው። በዚህ ወረዳ የእሱ ምስክርነት አንድን ሰው ዜጋ ያደርገዋል ወይም አያደርገውም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ጋሽ_ጥንታዊ

ልጆች፣ ታሪኩን እኔ ልሙላ።

ይህ ወረዳ በር ነው። የሦስቱ ፓጎዳዎች መተላለፊያ፣ በታይኛ ዳን ቼዲ ሳም ኦንግ የሚሉት፣ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ድንበሩ ላይ ነው። ዛሬ ሦስቱን ትንንሽ ነጭ ፓጎዳዎች ያየ ሰው «ለዚህ ነው የመጣሁት?» ሊል ይችላል፤ ከ300 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ዝቅተኛ ማለፊያ ነው። የበርማ ነገሥታት ጦር ወደ ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ሲዘምት ደጋግሞ የመጣው በዚህ ነው። በ1785 ንጉሥ ቦዳውፓያ በዘጠኝ ጦር ሲዘምት እሱ ራሱ የመራው ዋናው ጦር በዚሁ በር ገባ። በሚቀጥለው ዓመት በርማዎቹ ተመልሰው ሳም ሶፕ እና ታ ዲን ዳኤንግ ላይ ሰፈሩ፤ የሲያሙ ቀዳማዊ ራማ ከወንድሙ ጋር ዘምቶ ሰበራቸው። ሳም ሶፕ ማለት ወንዝ_ወራጅ የጻፈልን የሦስቱ ወንዞች መገናኛ ነው። እንግዲህ የጦር ሜዳውም ውኃ ውስጥ ነው ያለው።

ሲያም ይህን ጠረፍ በራሷ ሰው አልነበረም የምትጠብቀው። በኩዌ ኖይ ዳር ባሉት ትንንሽ የጠረፍ ከተሞች ከበርማ ሸሽተው የመጡ የሞን አለቆችን ሾመች፤ ሳንግክላን ደግሞ ለካረኖች ሰጠች። የካረኑ አለቃ ፍራ ሲ ሱዋንናኪሪ የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ማዕረጉም ለተተኪዎቹ ይተላለፍ ነበር። ተራራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ወሬ ያቀብላል፣ በሩን ይጠብቃል። ይህ ያበቃው ልዑል ዳምሮንግ በ1892 የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆኖ አስተዳደሩን ሁሉ ወደ ማዕከል ሲሰበስብ ነው። የመንደር አለቃን በምርጫ የመሰየም ሙከራም በዚያው ዓመት ባንግ ፓ ኢን ላይ ተጀመረ፤ ሕጉ በ1897 ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳንግክላ በተሿሚ የሚተዳደር አምፎ ሆነች። ወንድማችን ስለ ናይ አምፎ የነገረን ሁሉ ምንጩ ይህ ነው።

ከዚያ የባቡሩ ጉዳይ መጣ። ጃፓኖች በ1942 እና 1943 ከታይላንድ ወደ በርማ 415 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አስዘረጉ። ከሁለቱም ጫፍ የመጡት ሠራተኞች ጥቅምት 17 ቀን 1943 የተገናኙት ኮንኮይታ በሚባል ቦታ፣ በዚሁ ወረዳ ውስጥ ነው። ኤፍ ፎርስ የሚባሉ ወደ 7,000 የሚጠጉ የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ምርኮኞች በክረምቱ ዝናብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው እየተነዱ እዚህ ደረሱ፤ በኮሌራ፣ በረሃብና በሥራ ብዛት 3,100 ያህሉ አለቁ። ምርኮኞቹ «ሶንኩራይ» ብለው የጻፉት ካምፕ የሶንግካሊያ ስም በነሱ አፍ ነው። በሐዲዱ ሁሉ ከ12,000 በላይ ምርኮኞች ሞተዋል፤ በግዳጅና በማታለል ከበርማ፣ ከማላያና ከጃቫ የመጡት እስያውያን ሠራተኞች ሟች ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ለነሱ በስም የቆመ መቃብር የለም። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የካርታ_ፍቅር

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ሐዲዱ ዛሬ አለ?

ጋሽ_ጥንታዊ

ልጄ፣ ባቡሩ ዛሬ ናም ቶክ ላይ ያበቃል፤ ከሳንግክላ በጣም በታች ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከጦርነቱ በኋላ ተነቅሏል፤ ሐዲዱ ካለፈበት መሬትም ከፊሉ ግድቡ ውስጥ ገብቷል።

መብራት_ይግባ

ሁላችሁም ግድቡን ወቀሳችሁት። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። 300 ሜጋ ዋት ቀላል አይደለም፤ ታች ያለውንም ቆላ ከጎርፍ ይጠብቃል፣ በበጋ ለመስኖ ውኃ ይለቃል። ያለ መብራት ያደገ ሰው ይህን አይንቅም።

ወንዝ_ወራጅ

ልክ ነህ ወንድሜ፤ አልናቅኩትም። የእኔ ጥያቄ ዋጋውን ማን ከፈለው የሚል ነው። ያው ዘመን ሌላም ነገር አሳይቶናል፦ ጎረቤት ወንዝ ኩዌ ያይ ላይ፣ ቱንግ ያይ ውስጥ ናም ቾአን የሚባል ሌላ ግድብ ታቅዶ ነበር፤ ተማሪው፣ ምሁሩ፣ የካንቻናቡሪ ነዋሪ ተቃውሞ በ1988 መንግሥት አቆመው። ያ ባይቆም የዓለም ቅርስ የምንለው ደን መሐሉ ውኃ ይሆን ነበር። የሳንግክላ ሰዎች ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድመው ተነሥተዋል። የታይ ወረቀት ያለው መሬትና ካሣ ሲጠይቅ የሚይዘው ነገር ነበረው። ወረቀት ያልነበራቸው ሞኖች ግን መነኩሴያቸውን ተከትለው ወጡ።

ሉዋንግ ፖ ኡታማ ይባላሉ፤ በ1949 ከበርማ የመጡ የሞን መነኩሴ ናቸው። ሞኖቹን ዋንግ ካ ላይ ያሰባሰቧቸው እሳቸው ናቸው፤ ውኃው ሲመጣም ከፍ ያለውን ቦታ አግኝተው አሰፈሯቸው። በ2006 ዐርፈዋል። አዲሱ ቤተ መቅደስ አጠገብ በሕንድ ቦድጋያ ያለውን የሚመስል ትልቅ ቼዲ (ፓጎዳ) አሠርተዋል። በ1986 እና 1987 ደግሞ ሞኖቹን ከገበያው የሚያገናኘውን የእንጨት ድልድይ አስገነቡ። 850 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በታይላንድ ካሉት የእንጨት ድልድዮች ረጅሙ ነው። ጎህ ሲቀድ ብትቆሙበት ፊታቸውን ታናካ (ከዛፍ ቅርፊት የሚፈጭ ቅባት) የተቀቡ ሴቶች ሳህን በራሳቸው ተሸክመው፣ እጃቸውን ሳያስነኩ ያልፋሉ። ሳንቃው ከእግር በታች ይንቋቋል፤ አንዳንዱ ምስማር ብቅ ብሏልና ባዶ እግር አትሂዱ።

አስተዳደር_ተማሪ

ድልድዩ በ2012 ፈርሷል የሚል አንብቤ ነበር።

ወንዝ_ወራጅ

2013 ነው፤ ሐምሌ 28 ቀን። ዝናቡ ከላይ ግንድና ቀርከሃ ጠራርጎ አምጥቶ ከምሰሶዎቹ ጋር አከማቸው፤ መሐሉ ተቆርጦ ሄደ። የመንደሩ ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ቀርከሃ እያሰሩ ተንሳፋፊ ድልድይ ዘረጉ፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሄዱት በዚያ ነው። እንጨቱ ድልድይ ተጠግኖ እንደገና የተከፈተው በጥቅምት 2014 ነው። ግራ እንዳትጋቡ፣ እዚያ ያሉ ጽሑፎች 2556 ነው የሚሉት፤ የታይላንድ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። ሁለት አቆጣጠር ማስላት ለለመድን ለእኛ ይቀለናል።

ዝምተኛዋ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ስለ ወረቀት ያልከውን ስታልፈው አሳዘነኝ። እኔ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ውስጥ ሁለት ዓመት ያለ መኖሪያ ፈቃድ ኖሬያለሁ፤ አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዛ ቀረች። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። እኔ መመለሻ አገር ነበረኝ። እነዚያ እዚያው የተወለዱትስ?

ወንዝ_ወራጅ

እህቴ፣ ስላሳለፍሽው አዝናለሁ። ያለፍኩት ረስቼ አይደለም፤ በአግባቡ ልጽፈው ፈልጌ ነው።

በታይላንድ የመታወቂያ ቁጥር 13 አሃዝ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ማን እንደሆንሽ ይናገራል። 1 ከጥር 1984 ወዲህ ተወልዶ በጊዜው የተመዘገበ ዜጋ ነው። 6 ያለ ፈቃድ ወይም ለጊዜው የገባ ሰው ነው። 7 የዚያ ሰው በታይላንድ የተወለደ ልጅ ነው። 8 በኋላ ዜግነት ያገኘ ነው። 0 ምንም ምዝገባ ያልነበረው ነው። 6፣ 7 ወይም 0 የያዘ ሰው ከተመደበበት አካባቢ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በ323 መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ሚኒባሳችን በቆመ ቁጥር ወታደሩ አንገቱን አስገብቶ መታወቂያ ሲያይ እኔ ፓስፖርቴን ብድግ አደርጋለሁ፤ እሱም ያልፈኛል። የውጭ አገሩ ሰው እኔ ነኝ፤ የሚፈተሹት ግን የአገሩ ልጆች ናቸው።

በ2008 የዜግነት ሕጉ ተሻሽሎ ብዙዎች ማመልከት ቻሉ፤ የሚቀርበውም ለአምፎው ጽሕፈት ቤት ነው። ምስክር ማን ነው? ፉያይባኑ። አስተዳደር_ተማሪ፣ ቅድም «እመጣለሁ» ያልኩህ ለዚህ ነው። የሚፈርመው ናይ አምፎ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ ጥቂት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ነው፤ የአንዱ ናይ አምፎ ዘመን ፈጣን፣ የሌላው ቀርፋፋ ይሆናል። በጥቅምት 2024 የታይላንድ ካቢኔ ወደ 483,000 ለሚጠጉ አገር አልባ ሰዎች ጉዳዩ እንዲፋጠን ወሰነ፤ አብዛኛውን ሥልጣን ወደ ወረዳ አወረደው።

የጀልባው ሰውዬ ሞን ነው፤ ከአርባ በላይ ይሆነዋል። የእናቱ ቁጥር በ6 ይጀምራል። የእሱ በ7 ይጀምር ነበር፤ ካመለከተ ከብዙ ዓመት በኋላ 8 ሆነ። ልጁ የተወለደችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የእሷ 1 ነው። ሦስቱም አንድ ጣራ ሥር ነው የሚኖሩት። ልጅቱ ካንቻናቡሪ ከተማ ሄዳ ትማራለች፤ አያቷ እስከ ዛሬ ለሐኪም ሪፈር ስትጻፍ መጀመሪያ የምትሄደው አምፎ ነው፣ መውጫ ፈቃድ ለማስጻፍ።

ዝምተኛዋ

አመሰግናለሁ። አሁን ገባኝ። የእናቱ ማመልከቻ ገብቷል?

ወንዝ_ወራጅ

ገብቷል። ምስክሮቹ የድሮ ጎረቤቶቿ መሆን አለባቸው፤ ከነሱ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ሁለት ቀርተውላታል። ሰነዱን ለማሟላት ድሮ የት እንደኖረች መናገር ይኖርባታል።

የካርታ_ፍቅር

ቤቷ የት ነበር? ቤተ መቅደሱ አጠገብ ከሆነ በካርታዬ ላይ ነጥብ ላድርግበት።

ወንዝ_ወራጅ

ከቤተ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ፣ ወንዙ ወደሚታጠፍበት ነው አለኝ የጀልባው ሰውዬ። በክረምት ነበርና ወሰደኝ። ጥቂት ነድቶ ሞተሩን አጠፋው፤ ዳር ያለውን ኮረብታ፣ ከዚያ የቼዲውን ጫፍ አየና ጀልባዋን ትንሽ አዞረ። «እዚህ ጋ ነው። የማንጎ ዛፍ ነበረን» አለኝ። እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ ትንሽ ቆየና ሞተሩን አስነሣ።